ዳር ወጥቶ ቤት መግዛት፦ ከቅዳሜው ቀብድ በፊት

ጥያቄ፦ «ቀበና ተከራይተን ነው የምንኖረው። ባለቤቴ አራት ኪሎ፣ እኔ ሜክሲኮ እንሠራለን። ሁለት ልጆች አሉን፤ ሁለቱም እዚሁ ሰፈር ይማራሉ። እናቴም ከእኛ ጋር ናት። አከራያችን ኪራይ ልጨምር ነው ብሎናል። በእቁብና ውጭ ባለችው እህቴ እርዳታ ያጠራቀምነው ገንዘብ አለ። ደላላ ሦስት ቤት አሳየን። አንዱ የካ አባዶ፣ ባለ ሦስት መኝታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ባለቤቱ ውጭ ስለሆነ የሚሸጠው በውክልና ነው። ሌላው ለገጣፎ በኩል ግቢ ያለው ቤት ነው፤ ካርታ የለውም፣ ‹በሂደት ላይ ነው› ይላሉ። ሦስተኛው ልደታ ያለ ስቱዲዮ ነው። ለአባዶው እስከ ቅዳሜ ቀብድ ካልከፈላችሁ ሌላ ገዢ አለ ተብለናል። ከመሀል ከተማ ወጥተን እንግዛ ወይስ እዚሁ እንቆይ?»

መልስ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ የቅዳሜውን ልንገርሽ። ቅዳሜ ምንም አትክፈሉ። ሌላ ገዢ አለ ካሉ ይኑር። የቤት ሽያጭ ውል መመርመር የዕለት ሥራዬ ነው። ተበላሽተው ከሚመጡልኝ ጉዳዮች አብዛኞቹ የሚጀምሩት «ዛሬውኑ ካልሆነ» ከሚል ደላላ ነው። ወረቀቱ ንጹሕ የሆነ ሻጭ አንድ ሳምንት ቢጠብቅ የሚጎድልበት ነገር የለም። ማኅደሩን ልይ ስትዪው የሚቆጣ ካለ ደግሞ ቤቱን ለመተው ያ ብቻ ይበቃል።

የጥድፊያችሁ ምንጭ ኪራዩ እንደሆነ ይገባኛል። ልጆችና እናት ይዞ ቤት መልቀቅ ቀላል አይደለም። ግን እዚህ ላይ ሕጉ ከጎናችሁ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከ2 ዓመት አይነስ ይላል። ኪራይ የሚጨመረውም በዓመት አንዴ ነው፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል ይፋ ካደረገው ጣሪያ ሳያልፍ። አከራይ ደስ ባለው ቀን በር አንኳኩቶ «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ይኼን ያህል ነው» ማለት አይችልም። ውላችሁ መመዝገቡን እዩ። ካልተመዘገበ አስመዝግቡ። ኪራዩንም በእጅ ሳይሆን በባንክ ክፈሉ። ይህን ካደረጋችሁ ቤት ለመግዛት ረጋ ብላችሁ የምታስቡበት ጊዜ አገኛችሁ ማለት ነው።

አሁን ወደ ቤቶቹ ልግባ። የለገጣፎውን ተዉት። ግቢ፣ ዛፍ፣ ለልጆች መሯሯጫ፣ ልብ እንደሚሰቅል አውቃለሁ። ዋጋው የረከሰው ግን በምክንያት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሰረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ሰው ለሰው የሚሸጠው መሬቱ ላይ ያለውን ቤት ነው። ያንንም በሕጋዊ መንገድ መሸጥ የሚችለው ይዞታው በካርታ የተረጋገጠለት ሰው ነው። ካርታ ከሌለ የምትገዙት ግድግዳና ቆርቆሮ ነው። «በሂደት ላይ ነው» ካሏችሁ የሂደቱን ደብዳቤ አምጡ በሏቸው፤ ከየትኛው መሥሪያ ቤት፣ በስንት ቁጥር፣ በማን ስም እንደተጻፈ ይታይ። ብዙ ጊዜ ተፈልጎ ተፈልጎ የሚመጣው ከገበሬ ጋር የተፈራረሙት የመንደር ውል ነው። ሦስት ምስክር ስለፈረመበት ብቻ ገበሬው መሸጥ የማይችለውን መሬት ሸጠ አይባልም።

ሌላም ነገር አለ። ለገጣፎ ኦሮሚያ ክልል ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታ፣ ከሰበታና ከገላን ጋር በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ሆኗል። ይኼ በራሱ ክፋት የለውም። እዚያ ሕጋዊ ካርታ ይዘው በሰላም የሚኖሩ ብዙ ናቸው። ግን ጉዳያችሁ ሁሉ የሚያልቀው እዚያ ነው፤ አዲስ አበባ ያለ ክፍለ ከተማ አይፈታላችሁም። ካርታ የሌለው ቤት ምን ሊገጥመው እንደሚችልም የካቲት 2011 ዓ.ም. እዚያው ለገጣፎ ታይቷል። ሕገወጥ ተብለው በጣም ብዙ ቤቶች ፈረሱ። ነዋሪዎቹ «መብራትና ውሃ ገብቶልናል፣ ግብር ስንከፍል ኖረናል» እያሉ ሲናገሩ ሰምተናል። ያ ሁሉ ካርታን አልተካላቸውም። የዕድሜ ልክ ጥሪታችሁን እዚህ ላይ አታስቀምጡት።

ሥራ የሚጠይቀው የአባዶው ነው። ቤት ሊሆናችሁ የሚችለውም እሱ ነውና እሱ ላይ ቆም እንበል።

በመንግሥት ፕሮግራም የተሠራ ኮንዶሚኒየም ላይ ዕጣ የወጣለት ሰው ለ5 ዓመት ለሌላ እንዳያስተላልፍ ገደብ ተጥሎበታል። የዚህ ቤት ጊዜ ማለፉን በቃል አትመኑ። ባለዕድሉ የተፈራረመውን ውል አስመጥታችሁ ቀኑን ቁጠሩ። ቀጥሎ የባንክ ዕዳ አለ። 20/80 ማለት ባለዕድሉ 20 በመቶውን ከኪሱ፣ 80 በመቶውን በባንክ ብድር የያዘው ቤት ነው። ብድሩ ካላለቀ ቤቱ ለባንኩ መያዣ ነው። ወኪሉ «በእናንተ ብር ዕዳውን ዘግቼ ካርታውን አስለቅቃለሁ» ቢላችሁ ብሩ በእሱ እጅ እንዳያልፍ። አብራችሁ ባንክ ሂዱ። ቀሪው ዕዳ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ይሰጣችሁ። ያንኑ ያህል በቀጥታ ወደ ብድሩ ሒሳብ ይግባ። የሽያጩ ዋጋ ላይም ተቀናሽ መሆኑ ውሉ ላይ ይጻፍ።

ከዚያ ወኪሉን ይዛችሁ ካርታውን ወደሰጠው መሥሪያ ቤት ሂዱ። ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ ስለመሆኑ ማረጋገጫ ይጠየቅ። ማኅደሩ ጠረጴዛ ላይ ሲከፈት በእጃችሁ ካለው ኮፒ ጋር አስተያዩት። የካርታው ቁጥር፣ ብሎኩ፣ የቤቱ ቁጥር፣ ስፋቱ፣ የባለቤቱ ስም እስከ አያት። ከአያት ስም አንድ ፊደል ቢለይ ዝም አትበዪ። መታወቂያው ላይ «ኃይለ»፣ ካርታው ላይ «ኃይሉ» የሚል ቀላል የሚመስል ልዩነት ስም ሲዞር ወራት ያስለፋል። ሰው የፊት ገጹንና ማኅተሙን አይቶ ይዘጋዋል። የፍርድ ቤት እግድ ግን የሚገኘው ወደኋላ ተጣጥፎ ከተያያዘው ደብዳቤ ውስጥ ነው። አገላብጡ።

ውክልናው ዋናው ስጋቴ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የሌላውን ሰው ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። «ንብረቴን እንዲያስተዳድር፣ እንዲያከራይ፣ በስሜ እንዲከራከር» የሚል ውክልና መሸጥን አይጨምርም። «እንዲሸጥ» የሚለው ተለይቶ መጻፍ አለበት። የዋጋውን ገንዘብ የመቀበል ሥልጣን እንዳለውም እዩ። የተሰጠው ውጭ አገር ከሆነ በኤምባሲና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጡን፣ እስካሁንም አለመሻሩን አጣሩ። ውክልና ወካዩ ሲሞት ይቋረጣል። ስለዚህ ባለቤቱን ፊት ለፊት በቪዲዮ ሳታናግሩት ወደ ውል አትሂዱ። «ሥራ ላይ ነው፣ ሰዓቱ አይመችም» ቢሏችሁ የሚመቸው ሰዓት እስኪመጣ ጠብቁ። ቤቱን የሚሸጥ ሰው አምስት ደቂቃ አያጣም።

ትዳሩንም ጠይቁ። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የባልና ሚስት የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። ያልተስማማው ወገን መሸጡን ባወቀ በ6 ወር፣ ግፋ ቢል ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ይፍረስልኝ ብሎ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። እናንተ ግድግዳ ቀብታችሁ፣ ሴራሚክ አንጥፋችሁ ልጆቹ ተኝተውበት ሳለ ማለት ነው። ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛውም ይፈርም ወይም ውክልና ይስጥ። ያላገባ ከሆነ ያላገባ ማስረጃ ይቅረብ። የተፋታ ከሆነ የፍቺ ውሳኔውንና የንብረት ክፍፍሉን እዩ።

ቀብድን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው። ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ቅዳሜ ከፍላችሁ ማክሰኞ ማኅደሩ ውስጥ እግድ ብታገኙና ብትመለሱ፣ ሻጩ «ያፈረሳችሁት እናንተ ናችሁ» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ማጣራት ይቀድማል። የግድ መክፈል ካለባችሁ እንኳ ትንሽ ይሁን። ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ ሆኖ ካልተገኘ ወይም ውክልናው የማይሠራ ከሆነ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል የሚል በጽሑፍ ይስፈር።

የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ ወይም ፍርድ ቤት ፊት መመዝገብ አለበት። ቤቱ የእናንተ የሚሆነው ደግሞ ስሙ መዝገቡ ላይ ሲዞር ነው። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ያለው ጊዜ ብዙ ችግር የሚፈጠርበት ነው። ሙሉውን ብር በመጀመሪያው ቀን አትልቀቁ። አንዱን ክፍያ ውሉ ሲመዘገብ፣ ቀሪውን ስም ሲዞር በሲፒኦ (በባንክ የክፍያ ማዘዣ) አድርጉት። የስም ማዛወሪያው ወጪ በማን እንደሆነም ይጻፍ፤ ካልተጻፈ በኋላ መነታረኪያ ነው። «ግብር እንዲቀንስ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ» ይሏችሁ ይሆናል። እሺ አትበሉ። ሕገወጥ ከመሆኑም ሌላ፣ ነገ ውሉ ቢፈርስ ከፍለናል ብላችሁ በቀላሉ የምታስረዱት ወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ ነው።

ወረቀቱ ሁሉ ጠርቶ ተገኘ እንበል። አሁን የሚቀረው ጥያቄ የኑሮ ነው። እኔ ከወረቀቱ እኩል የምጨነቅበትም ይኼ ነው። ካርታ ይዘው፣ ስም አዙረው፣ በዓመቱ ቤቱን አከራይተው ወደ መሀል ተመልሰው ኪራይ የገቡ ቤተሰቦች አውቃለሁ። የሕግ ችግር አልነበረባቸውም። ጠዋቱን መቋቋም ነው ያቃታቸው።

ዛሬ ቀበና ሆናችሁ ባለቤትሽ አራት ኪሎ በእግሩ ይደርሳል። ልጆቹ ከቤት ወጥተው ወዲያው ክፍል ናቸው። አባዶ ስትገቡ ሁሉም ነገር በመገናኛ በኩል ይሆናል። አንቺ ከአባዶ አያት፣ ከአያት ሜክሲኮ ነው መንገድሽ። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው ቀላል ባቡር ከአያት ተነስቶ በመገናኛና በስታዲየም ሜክሲኮ አልፎ ጦር ኃይሎች ስለሚሄድ በወረቀት ላይ ምቹ ይመስላል። ጠዋት ግን ተሳፍሮ መቆሚያ ማግኘት ሌላ ጉዳይ ነው። ለባለቤትሽ ደግሞ ባቡሩ አራት ኪሎ አይደርስም፤ ከመገናኛ እንደገና ታክሲ ነው።

ስለዚህ ቤት ለማየት እሁድ አትሂዱ። እሁድ መንገዱ ባዶ ነው፣ ደላላውም የሚወስዳችሁ በመኪና ነው። አንድ የሥራ ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አባዶ ታክሲ መነሻው ላይ ቁሙ። ተሰልፋችሁ፣ ተሳፍራችሁ፣ እያንዳንዳችሁ የሥራ ቦታችሁ ድረስ ሂዱ። ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መገናኛ ሰልፍ ያዙና ተመለሱ። የሚቻል ከሆነ ዝናብ ያለበት ቀን ይሁን። የሁለታችሁን ደርሶ መልስ በወር አስሉት። አሁን ከምትከፍሉት ኪራይ ጎን አስቀምጡት። ቁጥሩ ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ነው።

የልጆቹ ትምህርት ቤት ላይ ግማሽ መንገድ የለም። አባዶ ከገባችሁ ልጆቹም እዚያው ይመዝገቡ። ቀበና እንዲቀጥሉ ካደረጋችሁ 11 ሰዓት ንጋት ላይ ነው የምትቀሰቅሷቸው። ትንሹ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፣ እናንተም ትሰለቻላችሁ። ከመግዛታችሁ በፊት አካባቢው ያሉትን ትምህርት ቤቶች ግቡና እዩ፤ ቦታ መኖሩን፣ ክፍያውን፣ መምህሮቹን። የሚያረካ ካላገኛችሁ ቤቱ የቱንም ያህል ቢያምር ጊዜው አይደለም።

ዳር ወጥቶ መኖር ጥሩ ጎኑም ብዙ ነው። አከራይ የለም። ልጅ ሚስማር ግድግዳ ላይ ቢመታ የሚቆጣ የለም። ብሎኮቹ መሀል ባለው ሜዳ ልጆች እስኪመሽ ይጫወታሉ። የአካባቢው አየር ከመሀል ከተማው ጭስ ያሳርፋል። ማን እንዴት እንደሚኖር ማወቅ ከፈለግሽ ደላላውን ትተሽ ነዋሪውን ጠይቂ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳና ከካዛንቺስ ተነስተው ገላን ጉራና አራብሳ የገቡ ሰዎች በየመሥሪያ ቤቱ አሉ። ከመሀል ወደ ዳር መውጣት ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚወስድ ከእነሱ የተሻለ የሚነግርሽ የለም። አንዳንዱ የራሱ ሽንት ቤትና ኩሽና በማግኘቱ አምላኩን ያመሰግናል። አንዳንዱ ዛሬም እሁድ እሁድ ለእድሩ ወደ ድሮ ሰፈሩ ይመላለሳል።

ብሎኩ ውስጥ ስትገቡ ወደ ቤቱ ከመድረሳችሁ በፊት ደረጃውን እዩ። በየፎቁ ቢጫ ጄሪካን ተደርድሮ ካያችሁ ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ገባችሁ ማለት ነው። የጎረቤት በር አንኳኩታችሁ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ መድረሱን፣ ሮቶና ፓምፕ መኖሩን ጠይቁ። ፓምፕ ካለ ሲበላሽ ማን ያሠራዋል? ይኼ ጥያቄ ወደ ቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ያደርሳችኋል። ሰብሳቢውን አግኙ። ወርሃዊ መዋጮ ስንት እንደሆነ፣ ሻጩ ውዝፍ እንዳለበት፣ ጥበቃ መኖሩን፣ ኮሚናሉ (የጋራ መገልገያ ቤቱ) በእርግጥ ለበዓል እርድና ለልቅሶ የሚያገለግል ይሁን ወይስ ለሱቅ የተከራየ እወቁ። ማኅበሩ የሞተበት ብሎክ ቶሎ ያረጃል። የመብራትና የውሃ ቆጣሪው ላይ የቀረ ዕዳም ሻጩ ይዝጋ።

ልደታን አልረሳሁም። ስቱዲዮ ለአምስት ሰው አይሆንም፤ እናትሽ የት ይተኛሉ? ነገር ግን የአባዶው መንገድ አይሆንም ብላችሁ ከወሰናችሁ፣ ስቱዲዮውን ገዝቶ አከራይቶ ቀበና በኪራይ መቀጠል የሚናቅ ሐሳብ አይደለም። መሀል ከተማ ተከራይ አይጠፋም። ያን ጊዜ እናንተም አከራይ ናችሁና ያው አዋጅ እናንተንም ይመለከታል፤ የኪራይ ገቢ ግብርም አለ። ደላላው መሀል ከተማ ሌላ ቤት ካሳያችሁ ደግሞ ሁለት ነገር ልብ በሉ። የቀበሌ ቤት «ቁልፍ» የሚባለውን አትግዙ፤ ቤቱ የመንግሥት ነው፣ ያለበት ሰው ተከራይ ነው። የግል ቤት ከሆነም ቦታው በከተማው ፕላን ላይ ለምን እንደተመደበ ፕላንና ልማት ቢሮ አጣሩ። ከአራት ኪሎ በቀበና መገናኛ ያለውን መንገድ ታውቂዋለሽ፤ በአጭር ጊዜ ምን ያህል እንደተለወጠ እያየሽ ነው።

የእኔ ምክር ይኼ ነው። አባዶ ግዙ እላለሁ፤ ጠዋቱን ሞክራችሁ ከቻላችሁት፣ ትምህርት ቤቱም ከተገኘ። ይኼን ቤት ግን አልመርጥላችሁም። አንደኛው ምክንያት ውክልናው ነው። ሁለተኛው እናትሽ ናቸው። በዚያ ዓይነት ብሎክ ሊፍት የለም። አራተኛ ፎቅ ማለት ለእሳቸው ቤተ ክርስቲያን መሳለም፣ ጎረቤት ቡና መጠጣት፣ ፀሐይ መሞቅ ሁሉ በደረጃ ነው። በዓመት በዓመት እየከበዳቸው ይሄዳል፤ ውሃ በሌለ ቀን ደግሞ ጄሪካኑ አለ። ምድር ቤቱም ቢሆን ፍሳሽ ሲደፈን ወደ ኋላ የሚመለሰው እዚያ ስለሆነ ሽንት ቤቱን ሳታዩ አትውሰዱ። አንደኛ ፎቅ ብታገኙ ይሻላል፤ ሦስት መኝታ ካልተገኘ ሁለት መኝታ ይበቃችኋል። ለደላላው ቅዳሜ ደውይና እንዲህ በይው፦ አባዶ ሆኖ፣ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ፎቅ፣ ዕዳው ያለቀ፣ ባለቤቱ ራሱ ቀርቦ የሚፈርምበት ካለ አሳየን።